ከማድረቂያው አልጋ ዳር የተሰሙ መጻሕፍት

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ በጌዴኦ ዞን የሚሠራ የቡና ጥራት ባለሙያ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚገልጥበት ፋታ የለውም። ቀን የተለቀመው እሸት ወደ ማታ ከየጓሮው ተጭኖ ይመጣል፤ ሌሊቱን ሲፈለፈል ያድራል፤ የሚያሙለጨልጨው ሽፋኑ እስኪለቅ ገንዳ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ታጥቦ አልጋ ላይ ይሰጣል። አልጋው ዳር የሚቀረው ሥራ የዓይንና የእጅ ነው። የተሰነጠቀውን፣ ነፍሳት የነካውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን ፍሬ አንድ በአንድ እየለዩ ማውጣት። ጆሮ ግን ነፃ ነው። የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ ዲላ ተቀምጦ በወናጎና በይርጋጨፌ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚመላለስ ባለሙያ ነው፤ ባለፈው የቡና ወቅት ከጨረሳቸው መጻሕፍት ከፊሎቹን ያነበበው በጆሮው ነው ቢባል ትክክል ይሆናል።

ቀዳሚው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ያውም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልቦለድ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለወንጌልን በስም አወቃቸው። ያ ትረካ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ጸሐፊው መጽሐፉን በተማሪነቱ አንብቦታል። ያኔ ልቡን የያዘው የሁለቱ ወጣቶች ፍቅር ስለነበር የጉዱ ካሣን ረጃጅም ክርክሮች በችኮላ ነበር የሚያልፋቸው። በጆሮ ሲሆን መዝለል አያምርም። ወጋየሁ ተዋናይ ነውና ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ድምፅ ይሰጠዋል፤ የጉዱ ካሣ ተራ ሲደርስ ክርክሩ የመጽሐፍ ክርክር መሆኑ ይቀርና ብቻውን የቀረ አስተዋይ ሰው ብሶት ይሆናል። በወጣትነት ዕድሜ የፍቅር ታሪክ የነበረው መጽሐፍ አሁን ለጸሐፊው የጉዱ ካሣ መጽሐፍ ሆኗል።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ስልኩ ከአልጋው እግር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ግራና ቀኝ የቆሙት ለቃሚ ሴቶችም አብረው ይሰሙ ነበር። ትረካው የፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮች ከተለመደው ውጭ የተጠየቁትን «አንሰጥም» ብለው፣ አበጀ በለውን አለቃ አድርገው የተነሡበት ቦታ ላይ ደረሰ። ከሴቶቹ በዕድሜ የምትበልጠው እጇን ከቡናው ላይ አነሣች።

«ልጄ፣ ይኼ የየት አገር ነገር ነው?»

«የጎጃም ነው፣ እናቴ።»

«አባቴ የሚችሌን ሲያወራ ልክ እንዲህ ነበር የሚለው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ከስልኩ ወደ እርሷ ዞረ። ትረካው ቆመ፤ እርሷ አባቷ የነገሯትን ተናገረች፤ ፀሐዩ በርትቶ አልጋው እስኪሸፈን ድረስ ማንም «ቀጥልበት» አላለም።

ሚችሌ የጌዴኦ ገበሬዎች በ1952 ዓ.ም. ከባለ መሬቶቹ ጋር የተዋጉበት ቦታ ነው። ቡና ዋጋ እያወጣ ሲሄድ መሬቱም ተፈላጊ ሆነ፤ የጭሰኛው ሸክምም በዚያው ልክ ከበደ። ባለ መሬቶቹ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ገበሬዎቹ በአብዛኛው የያዙት ጦር ነበር። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ዘመናዊ ኢትዮጵያ በጻፉት የታሪክ መጽሐፍ ከትግራይ፣ ከባሌና ከጎጃም ዐመፆች ጎን ይህንንም ያነሡታል። ጸሐፊው ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፉን አውጥቶ ያንን ክፍል ደግሞ አነበበው። አጭር ነው። የመላ አገሪቱን የመቶ ዓመት ታሪክ በአንድ ጥራዝ ለሚያስቀምጥ ሰው ከዚህ በላይ ቦታ መስጠት እንደሚከብድ ይገባዋል። የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነው፦ የዚያች ሴት አባት የሚያውቁትን ያህል የሚያውቁ ሰዎች እያለፉ ነው፤ ስልክ ደግሞ በሁሉም ኪስ አለ። ልቦለድ የሚያሰማው ስልክ ድምፅም ይቀርጻል። የዲላ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ሲያጣ መስማት የጸሐፊው ትልቁ ቁጭት ነው።

ሐዲስ ልቦለዳቸውን ያሳተሙት ከሚችሌ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። የጻፉት ስለሚያውቁት ጎጃም እንጂ ስለ ጌዴኦ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ መጽሐፍ ደራሲው ባልሄደበት አገር፣ ባላሰበው ሰው ጆሮ ገብቶ የሌላ ታሪክ በር ሲከፍት ማየት ለዚህ አንባቢ የወቅቱ ትልቁ ነገር ነበር። ብቻውን ቤቱ ቢያነበው ኖሮ ይህን ባላገኘም ነበር።

«ኦሮማይ» ሁለተኛው ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው፣ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበው፣ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው እስኪጠፋ ድረስ መዘዙ የተከተለው መጽሐፍ። ተራኪው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያም በራሱ አንደበት ስለሚናገር ለጆሮ የተጻፈ ይመስላል፤ ከዲላ ይርጋጨፌ ባለው መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ሲሰማ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የሚያወጋ ያህል ይቀርባል። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ መውጣቱ ሲሰማ ጸሐፊው በእውነት ደስ ብሎታል። የንባቡን ፍጥነት አንድ ተኩል አድርገው የሚሰሙ ወጣት የሥራ ባልደረቦች አሉት። ለዜና ይሁን። አሥመራ ውስጥ ፀጋዬና ፍቅረኛው ፊያሜታ የሚገናኙባቸውን ቦታዎች በዚያ ፍጥነት መስማት ግን በዓሉን መበደል ነው፤ ሰውየው ዐረፍተ ነገሩን የለካው በሰው ትንፋሽ ነው።

በጆሮ አልሆን ያለው አዳም ረታ ነው። «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ» በወረቀት ካልሆነ አይያዝም። አዳም «ሕጽናዊነት» የሚለው አጻጻፍ ታሪኮቹን እንደ እንጀራ ዓይን ጎን ለጎን የሚያያይዝ ነው፤ እዚህ በዋዛ ያለፈ ሰው እዚያ ዋና ሆኖ ይመጣል። አንባቢ ወደ ኋላ መግለጥ፣ ስም መፈለግ፣ ጣቱን አንዱ ገጽ ላይ ይዞ ሌላውን ማየት አለበት። ጸሐፊው ይህን መጽሐፍ የጨረሰው ወቅቱ አልፎ፣ ጣቢያዎቹ ተዘግተው፣ የካቲት ላይ ነው። ጥሩ መጽሐፍ ሁሉ ይተረክ የሚለው ሐሳብ የማይዋጥለትም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው መጽሐፍ ልቦለድ አይደለም። ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም በእንግሊዝኛ ያቀረቡት ጥናት ነው፤ ርእሱ በአማርኛ «የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት?» ይሆናል፤ የጥያቄ ምልክቱ የራሱ የርእሱ ነው። ከላይ አገር በቀል ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰትና ቡና፣ ከእነርሱ በታች ሌላ አዝርዕት እየተደራረበ በዚያ ዳገት ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ እንዴት እንደመገበ ይመረምራል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር ሲመዘግብ ብዙ ሰው ያስታወሰው ትክል ድንጋዮቹን ነው፤ ይህን መጽሐፍ ያነበበ ግን ሰው የሚኖርበት ጓሮ ራሱ ቅርሱ መሆኑን ያያል። ለግብርና ባለሙያ ከዚህ የሚጠቅም ንባብ ጸሐፊው አላገኘም። በአማርኛና በጌዴኡፋ ቢተረክ የሚሰማው ሰው ከጣቢያ አይጠፋም።

እስከዚያው እርሱ ራሱ በየምሽቱ ያነበበውን ጠዋት አልጋው ዳር በአማርኛ ያወራዋል። ስለ እንሰት ሲሆን ሴቶቹ ዝም ብለው አይሰሙትም፤ የሚፍቁትም የሚያቦኩትም እነርሱ ናቸውና። ችግኙ ስንት ጊዜ ተነቅሎ እንደገና ይተከል በሚለው ላይ ከቡሌ ደጋ የመጣችውና የወናጎዋ ሴት ሊስማሙ አልቻሉም። መጽሐፉ የደጋውና የወይና ደጋው አያያዝ እንደሚለያይ ቢናገርም ሁለቱም በዚህ አልረኩም፤ እያንዳንዷ «የእኔንም ጻፍልኝ» ብላለች።