በካሚዮን ስለሚገዛ የማገዶ ግንድ

በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የማገዶ እንጨት በልዩ ልዩ መጠን ይሸጣል። ለዕለት የሚፈልግ ሰው በእስር፥ ከዚያ የሚበልጥ የሚሻው በሸክም ወይም በአህያ ጭነት ይገዛል። ግንድ በካሚዮን ሙሉ የሚገዛው ግን በአብዛኛው ሠርግ ወይም ተዝካር የሚደግስ ሰው፥ ጠላ እየጠመቀች ወይም አረቄ እያወጣች የምትተዳደር ሴት፥ በእንጨት ምድጃ የሚሠራ ዳቦ ጋጋሪ፥ ወይም ግንዱን ፈልጦ በእስር የሚቸረችር ነጋዴ ነው። ለምጣድ ቶሎ የሚንቦገቦግ ቅጠልና ጭራሮ ይበቃል፤ ለትልቅ ድስትና ለአረቄ ጋን ግን ሳይጠፋ የሚቆይ ፍም ስለሚያስፈልግ ግንድ ይፈለጋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጽድና የወይራ ዛፍ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መነመነ። የእንጨቱ እጦት እጅግ ስለ በረታ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ወደ ምዕራብ፥ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። ሐሳቡ ከቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ በ1880ዎቹ ማለቂያ ገደማ ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ያመለክታል። ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ተቆርጦም ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ገበሬው ባሕር ዛፉን እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ይቈጥረዋል፤ ልጅ ሲዳር ወይም ዕዳ ሲደርስ ዛፉን ቆሞ ሳለ ለነጋዴ ይሸጠዋል።

ነጋዴውም ዛፉን ካስቆረጠ በኋላ ይለየዋል። ቀጥ ያለው ለአጣናና ለማገር ይሄዳል፤ የጎበጠው፥ ጕጥ የበዛበትና ለቤት ሥራ የማይሆነው ለማገዶ ይቀራል። የገዢው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ዋጋው የሚቈረጠው በመኪናው ሙላት ነውና፥ የጎበጠ ግንድ ሲደረደር በመካከሉ ብዙ ባዶ ቦታ ይተዋል።

ለምሳሌ የመኪናው ሣጥን ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 2 ሜትር፥ የጭነቱም ከፍታ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ጭነቱ 12 ሜትር ኩብ ይባላል። ቀጥ ያለ ግንድ ተጠጋግቶ ቢደረደር ከዚህ ውስጥ እንጨቱ 8 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ ቀሪው አየር ነው። የጎበጠው ያለ ሥርዓት ቢጫን ግን እንጨቱ ከ6 ሜትር ኩብ ላያልፍ ይችላል። በዐይን ሲታይ ሁለቱም መኪኖች ሙሉ ናቸው። ስለዚህ ልማድ ያለው ገዢ የተጫነውን መኪና በውጭ አይቶ ከደላላው ጋር አይስማማም፤ ሲጫን ቆሞ ይመለከታል፥ ግንዱም በርዝመቱ እንዲደረደር ያዛል።

ሁለተኛው ነገር እርጥበቱ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እርሱን የሚያነድ ሰው የእሳቱን ኀይል መጀመሪያ ውሃውን ለማትነን ያጠፋዋል፤ ቤቱም በጢስ ይሞላል፥ የምታበስለውም ሴት ዐይኗ ይቃጠላል። የደረቀ ግንድ ጫፉ ይሰነጠቃል፥ ቅርፊቱ ይለቃል፥ ሁለቱ ሲጋጩም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። እርጥቡ ይከብዳል፥ ድምፁም የታፈነ ነው።

ይሁን እንጂ እርጥብ ግንድ መግዛት ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በመጥረቢያና በሽብልቅ ይፈለጣል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ጠንክሮ ፈላጩን ያደክማል፥ የፍለጣውም ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ጊዜ ያለው ሰው በበጋ እርጥቡን ገዝቶ ወዲያው ያስፈልጠዋል፤ ፍልጡንም ነፋስ በሚያገኝበት ከምሮ ክረምት ሳይገባ ያደርቀዋል። ድግሱ የደረሰበት ሰው ግን የደረቀውን ከመግዛት ሌላ ምርጫ የለውም፤ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ያስወድዳል።

ጕዳቱ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በጠማቂዋና በአረቄ አውጪዋ ላይ ነው። ደጋሹ የሚገዛው ለአንድ ጊዜ ነው፤ የጎደለውንም ጎረቤት ይሞላለታል። እርሷ ግን የብዙ ሳምንት ትርፏን አጠራቅማ በአንድ ጭነት ላይ ታውለዋለች። ጭነቱ ግማሹ አየር፥ ግማሹም ውሃ ሆኖ ከተገኘ፥ ጋኑ እንደ ወትሮው ቢፈላም ትርፉ በምድጃው ውስጥ ቀርቷል። «ከደረቅ ጋር እርጥብም ይነዳል» የሚለው ተረት ለሌላ ነገር የተነገረ ነው፤ በእንጨት ገበያ ግን እርጥቡ ከደረቁ ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ የሚነደው የገዢዋ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ብልኋ ሴት ከዋጋው ከፊሉን በእጇ ትይዛለች፤ ግንዱ በደጇ ተራግፎ ከላይ ያለውም ከታች ያለውም እስኪታይ ድረስ አትከፍልም።