ለትምህርት ቤታችን አደራ ስለ ማቋቋም

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አባቶቻችን። ባለፈው ዓመት የክፍላችን ተማሪዎች ለመጻሕፍት መግዣ ገንዘብ ስንለምን፣ ብዙዎች «ማን ይይዘዋል?» ብለው ጠየቁን፤ እኛም መልስ አጣን። ጥያቄው ንፉግነት አልነበረም። እድር የሚቆመው በመተዋወቅ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነዋሪ ግን ዕጣ ደርሶት ከልዩ ልዩ ሰፈር የመጣ ነውና ገና በመተዋወቅ ላይ ይገኛል።

ሕጋችን ለዚህ መልስ አለው፤ ይኸውም የበጎ አድራጎት አደራ ይባላል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ ደንግጓል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113ም የበጎ አድራጎት አደራን ከድርጅቶቹ ዓይነት አንዱ አድርጎታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰጪው በስጦታ ወይም በኑዛዜ አንድ ንብረት ለይቶ ለምን ሥራ እንደሚውል በጽሑፍ ያዛል፤ ለምሳሌ ለቤተ መጻሕፍት ማሟያ ወይም ለችግረኛ ተማሪ ደብተር መግዣ። ድርጅቱ በባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ባለአደራዎቹም በትእዛዙ መሠረት ያስተዳድራሉ፤ ሒሳቡንም ያሳያሉ። ንብረቱ የግላቸው ስላልሆነ ለባለአደራው ገንዘብ ያበደረ ሰው እንኳ በዕዳው ሊይዘው አይችልም።

እኛ 12ኛ ክፍል ጨርሰን እንሄዳለን፤ ኮሚቴውም ይለወጣል። አደራው ግን ለታናናሾቻችን ይቆያል። እንግዲህ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ሆይ፣ በሚመጣው ዓመት «ማን ይይዘዋል?» ስትሉን ጽሑፉንና ሒሳቡን እንድናሳያችሁ ከአሁኑ አብራችሁን ምከሩ።