ምዕራፍ ስድስት፦ የአንድን የምድር ባቡር ሠራተኛ ሕይወት ከመዛግብት መልሶ ማግኘት

በኢትዮጵያ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ተወልዶ፣ ሠርቶና አርጅቶ ያለፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መወለዱንም ሆነ መሞቱን የሚመሰክር የመንግሥት ወረቀት የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ሰው ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚሰፍርበት መዝገብ፣ በርካታ አንቀጾች ቢኖሩትም፣ እነዚሁ አንቀጾች ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ እስኪጸኑ ድረስ እንዳይሠራባቸው ያው ሕግ ራሱ አግዷቸው ነበር። መንግሥታዊው ምዝገባ በፈረንሳይ ከ1792፣ በእንግሊዝ ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለሚካሄድ የእነዚያ አገሮች የሠራተኛ ልጆች የቅድመ አያታቸውን የልደት ማስረጃ ከመዝገብ ቤት ጠይቀው ሊያገኙ ይችላሉ፤ የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ ግን ሌላ መንገድ መከተል ይኖርበታል።

የትውልድ ሐረግ ጥናት የሚባለው የአንድን ቤተሰብ ሰዎች በማስረጃ እያያዙ ከትውልድ ወደ ትውልድ የመከተል ሥራ ነው። ባላባቱና ሹሙ ደብዳቤ ያጻጽፋሉ፣ በዜና መዋዕል ይወሳሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም ሥዕላቸው ይቀራል፤ ሠራተኛው ግን ሌሎች ለራሳቸው ጉዳይ ሲሉ በቆጠሩት ቦታ ብቻ ነው የሚገኘው። አሠሪው ደመወዝ ለመክፈል፣ ዕድሩ መዋጮ ለመሰብሰብ፣ ፍርድ ቤቱ ውርስ ለማረጋገጥ፣ ቀበሌው ነዋሪውን ለማወቅ ስሙን ጽፈዋል፤ ከእነዚህም አንዳቸውም የሕይወቱን ታሪክ ለመጻፍ አላሰቡም። ስለዚህ አጥኚው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን መዝገቡ ለምን ዓላማ እንደ ተከፈተ ጭምር ማንበብ አለበት፤ ይህን ያላደረገ ሰው እጁ የገባውን ወረቀት ሁሉ እኩል አምኖ ይሳሳታል።

የምድር ባቡር ሠራተኛ ለዚህ ምዕራፍ በምሳሌነት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት የተዘረጋው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከተማ ካለችበት ስፍራ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጠቅላላ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚህ መስመር ላይ ከሸዋም፣ ከጉራጌም፣ ከሐረርጌ ኦሮሞና ከሶማሌም የመጡ ሰዎች፣ ከዐረቦች፣ ከግሪኮችና ከአርመኖች ጋር እየተደባለቁ በወር ደመወዝ መኖርን ተማሩ። ወቅቱን የጠበቀ ደመወዝ ያለ ወረቀት አይከፈልም፤ በመሆኑም የባቡር ሠራተኛ ከገበሬውም፣ ከሸማኔውም፣ ከቀን ሠራተኛውም የበለጠ የመጻፍ ዕድል ነበረው። ሐዲዱን የዘረጉት፣ ድንጋይ የፈለጡትና አፈር የዛቁት የቀን ሠራተኞች ግን ከዚህ ዕድል ውጭ መቅረታቸውን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ የተቆጠሩት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው።

ፍለጋው ከመዝገብ ቤት መጀመር የለበትም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው በሕይወት ያሉት አረጋውያን ናቸው፤ ቀጥሎ ደግሞ በየቤቱ አልጋ ሥር ያለው ሣጥን ይከፈታል። በሣጥኑ ውስጥ የሥራ መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ የኅብረት ሱቅ ካርድ፣ ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ፎቶግራፍ ወይም ለክስ የተጻፈ ማመልከቻ ግልባጭ ሊገኝ ይችላል። አረጋውያንን ሲጠይቁ «አባባ የተወለዱት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ማለት ብዙ አይጠቅምም፤ ዓመቱ በቁጥር የተያዘበት ቤት ጥቂት ነውና። ይልቅስ በኅዳር በሽታ ጊዜ፣ ማለትም በ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወቅት፣ ተወልደው እንደ ነበር፣ ለማይጨው ዘመቻ በ1928 ዓ.ም. ለመሄድ ደርሰው እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ጣሊያን ሳይወጣ ወይስ ከወጣ በኋላ እንደ ተወለደ ቢጠየቁ መልሱ ሕያውና ዝርዝር ይሆናል። እሳት አንዳጅ ነበሩ የሚል ቃል ከተገኘም፣ በናፍጣ የሚሠሩት ባቡሮች ከመምጣታቸው በፊት ሥራ ላይ እንደ ነበሩ ያመለክታል።

የአገራችን የጊዜ አቆጣጠር ለአጥኚው የሚሰጠው ተጨማሪ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት የሚቀር ሀብት ነው። ቤተሰብ ሟቹ ያረፈበትን ዓመት ቢረሳ እንኳ ዝክርና ሙት ዓመት ስለሚያወጣ ዕለቱን አይረሳም፤ «በኅዳር ሚካኤል ነው ያረፉት» ሲባል ኅዳር 12 ማለት ነው። ዘመኑን ደግሞ በወንጌላውያን ስም የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። አራቱ ወንጌላውያን በየተራ አንዳንድ ዓመት ስለሚሰየምላቸው፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 1 ሲተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ዘመነ ሉቃስ ይሆናል፤ ያለ ቀሪ ሲካፈል ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ነው። እንበልና አንዲት እናት አባታቸው በዘመነ ሉቃስ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ እሑድ ቀን እንደ ሞቱ ያስታውሳሉ። ወር፣ ዕለት፣ ቀንና ወንጌላዊ አራቱም የሚገጣጠሙት በየ28 ዓመቱ አንድ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ለእርሳቸው ቃል የሚስማሙት ዓመታት 1919፣ 1947 እና 1975 ናቸው። ሟቹ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሲሠሩ የሚያሳይ የደመወዝ ወረቀት ካለ 1919 ይወድቃል፤ በአብዮቱ ዘመን በሕይወት እንዳልነበሩ ከታወቀ 1975ም ይወድቃል። አንድም የሞት ምስክር ወረቀት ሳይኖር ኅዳር 12 ቀን 1947 ዓ.ም. በእጅ ገባ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ያልገቡ እናት በቃላቸው የያዙት ነገር ከብዙ የቢሮ ወረቀት ይልቅ ጥብቅ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በዚህ መንገድ የተገኘው ዕለት በሌላ መዝገብ መረጋገጥ ይኖርበታል። የባቡሩ ኩባንያ መዛግብት በፈረንሳይኛ ቋንቋና በፈረንጆች አቆጣጠር የተያዙ በመሆናቸው፣ ኅዳር 12 ቀን 1947 ዓ.ም. በእነርሱ ዘንድ ኖቬምበር 21 ቀን 1954 ነው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ዓመት ነው፤ ይህን ሳያስተውሉ ሁልጊዜ 8 የሚቀንሱ ሰዎች የመኸር ወራትን ማስረጃ ሁሉ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይወስዱታል። የሠራተኛው ስም በኖቬምበር 1954 የደመወዝ ዝርዝር ላይ ኖሮ ከዲሴምበር ጀምሮ ከጠፋ፣ የእናትየዋ ቃልና የኩባንያው ወረቀት አንዱ ሌላውን ደገፈ ይባላል። በድርጅቱ የግል ማኅደር ውስጥ፣ ማለትም ስለ አንድ ሠራተኛ የተጻፉ ወረቀቶች በአንድነት በሚቀመጡበት አቃፊ ውስጥ፣ የቅጥር ቀን፣ የሥራ ደረጃ፣ ዝውውር፣ የተቀጣው ቅጣትና የደረሰበት አደጋ ይገኛል ተብሎ ይጠበቃል። ቅጣቱን አይቶ ማፈር አያስፈልግም፤ ለአጥኚው የሁለት ቀን ደመወዝ የተቆረጠበት ደብዳቤ ከአሥር ዓመት ጸጥተኛ አገልግሎት የበለጠ ይናገራል፣ ሠራተኛው የት ጣቢያ እንደ ነበረ፣ አለቃው ማን እንደ ሆነና ምን ብሎ እንደ ተከራከረ በዚያ ይገኛልና።

ትልቁ እንቅፋት ስም ነው። በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ ከሰውየው ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባቱ ስም ሲሆን፣ በየትውልዱም ይለወጣል፤ ስለዚህ በአንድ ስም ሦስት ትውልድ መፈለግ አይቻልም። በክርስቲያኑ ቤት የሚጠራበት ስም ሌላ፣ ወንድ በ40 ቀኑ ሴት በ80 ቀኗ ሲጠመቁ የሚሰጠው የክርስትና ስም ሌላ በመሆኑ፣ በደመወዝ ዝርዝር ላይ ያለው ሰው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ፈጽሞ የተለየ ስም ሊኖረው ይችላል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ደግሞ የሰማውን በራሱ አጻጻፍ ይመዘግባል፤ በእርሱ ዘንድ «ሲ» እና «ኤች» የተባሉት ሁለት ፊደላት አንድ ላይ ሲጻፉ የ«ሸ» ድምፅ ሲኖራቸው፣ እንግሊዝኛ የተማረ አንባቢ ግን «ቸ» ብሎ ያነባቸዋል፣ በዚህም ሽፈራው ጭፈራው ይመስል ይበላሻል። በአማርኛ መዝገብ ውስጥም ቢሆን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እየተለዋወጡ ስለሚጻፉ፣ ኃይሉን የሚፈልግ ሰው በሦስቱም «ሀ» መፈለግ ይገባዋል። ከሁሉ የሚከፋው የሞክሼ ነገር ነው። ተሰማ ወልዴ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ከተማ መኖራቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ስለዚህ ስም ብቻ ተመሳስሎ የተገኘ ወረቀት የአያት ስም፣ የትውልድ አገር፣ የሚስት ስም ወይም የቤት ቁጥር ካልደገፈው በስተቀር በይደር መያዝ አለበት።

ከሥራ ቦታ ወጥቶ ወደ ሰፈር ሲገባ የሚገኘው ዋነኛ መዝገብ የዕድር ደብተር ነው። ዕድር አባላቱ በየወሩ እያዋጡ በሞት ጊዜ ለመረዳዳት የሚያቋቁሙት ማኅበር በመሆኑ፣ ጸሐፊው የአባሉን ስም፣ የቤተሰቡን ዝርዝር፣ ያዋጣበትንና ያላዋጣበትን ወር፣ ሞት ሲደርስም የተከፈለውን ገንዘብና ዕለቱን ይጽፋል። ገንዘብ ስላለበት በጥንቃቄ የተያዘ ነው፤ ጎረቤት ስለሚያየውም ለመዋሸት አይመችም። በሌሎች መዛግብት የማይታዩት ሚስቶች፣ አማቶችና በልጅነታቸው የሞቱ ሕፃናት እዚህ ይገኛሉ። ከዕድሩ ቀጥሎ የሚጠቅመው የወራሽነት ማረጋገጫ ነው፤ ወራሾች ጡረታ፣ ቤት ወይም በባንክ ያለ ገንዘብ ለመቀበል ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ምስክር አሰምተው የሚያገኙት ይህ ውሳኔ የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ጊዜና የልጆቹን ስም በአንድ ገጽ ይዞ ይገኛል። ለሙስሊም ቤተሰብ ይኸው ጉዳይ በ1936 ዓ.ም. አዋጅ በታወቁት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ፊት የታየ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሰ በኋላ የተቋቋሙት ቀበሌዎች ቤቱን ቁጥር፣ ነዋሪውን መታወቂያ ስለ ሰጡ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ፍለጋ ይቀላል። ሆኖም በመታወቂያ ላይ የሰፈረው ዕድሜ በጥርጣሬ መታየት አለበት። ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ቁጥር ይናገራል፤ የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ ለረጅም ጊዜ 55 ዓመት ስለ ነበረም፣ ቤተሰቡ እንዳይራብ ብሎ ዕድሜውን ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ አባት ጥቂት አይደለም። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ደግሞ የታተሙት በድምር ስለ ሆነ አንድን ሰው በስሙ ለማግኘት አይጠቅሙም።

ሠራተኛው ወደ ከተማ ከመምጣቱ በፊት ስለ ነበረው ትውልድ የሚገኘው መረጃ እንደ መጣበት አገር ይለያያል። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን፣ በአባትም በእናትም ወገን ቆጥሮ በማስረዳት ስለ ነበረ፣ ሽማግሌዎች የዘር ቆጠራን እንደ ንብረት ይጠብቁት ነበር፤ መሬት በ1967 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲሆን ግን ያ ዕውቀት ባለቤት አጥቶ መሳሳት ጀመረ። በአሮጌ የወንጌል መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉ የመሬት ሽያጭና የስጦታ ውሎችም አሉ፤ ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሰፊ ጥናት በአብዛኛው በእነዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ሶማሌዎች «አብቲርሲ» በሚሉት የአባቶች ቆጠራ፣ ኦሮሞዎችም በጎሣ ሐረጋቸው ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። እነዚህ ቆጠራዎች የእናቶችን ስም ብዙ ጊዜ ይዘልላሉ፣ መካከል ላይ ያለ አባትም ሊረሳ ይችላል፤ ስለዚህ እንደ ዝምድና ማስረጃ እንጂ እንደ ዘመን መቁጠሪያ መወሰድ አይገባቸውም።

መዛግብት ሲጋጩ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦ ነገሩ በተፈጸመ በስንት ጊዜው ተጻፈ፣ የተናገረው ሰው በዓይኑ አይቷል ወይ፣ ከዚያ ቃልስ የሚጠቀመው ማን ነበር። ያልታወቀ ልጅ፣ የተደበቀ ጋብቻ ወይም ያላለቀ የውርስ ክርክር በፍለጋው መካከል ብቅ ካለ፣ የሚመለከታቸው ሰዎች በሕይወት እስካሉ ድረስ ያለ ፈቃዳቸው ወደ አደባባይ አይወጣም፤ የሟቹን ሕይወት ለማወቅ ሲባል የሕያዋንን ቤት ማፍረስ ተገቢ አይደለም።

በኩባንያ፣ በፍርድ ቤትና በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያለው ወረቀት ቢያንስ ጠባቂ ተመድቦለታል፤ የዕድር ደብተር ግን ሲያልቅ በጸሐፊው ቤት ይቀመጣል፣ ጸሐፊው ሲሞትም ዋጋውን በማያውቅ እጅ ይጠፋል። በአዲሱ መስመር ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የአሮጌው ባቡር ሠራተኞች አብዛኞቹ ጡረታ ላይ ነበሩ፤ ዛሬ ደግሞ ቁጥራቸው በየዓመቱ ይቀንሳል። ይህን ምዕራፍ ያነበበ ሰው የአባቱን ወይም የአያቱን ዕድር ዳኛ አስፈቅዶ አሮጌውን ደብተር ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ ያንሣ፤ የማን ደብተር እንደ ሆነ፣ የት እንደ ተገኘና መቼ እንደ ተነሣ ይጻፍበት፤ ዋናውንም ለባለቤቱ መልሶ አንድ ግልባጭ በቅርብ ላለ ቤተ መጻሕፍት ወይም ዩኒቨርሲቲ ይስጥ።