ካንሰርን በቫይረስ ማከምና የነጋዴው ጥንቃቄ

ከሽንት ፊኛ በታች ባለው በፕሮስቴት ዕጢ የሚነሣው ካንሰር በወንዴ ሆርሞን እየታገዘ እንደሚያድግ ቻርልስ ሀጊንስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1941 አስረድተው በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ ሆርሞኑ ከተቀነሰ በኋላም በሽታው ብዙ ጊዜ ያገረሻል።

ለዚህ ደረጃ ሊቃውንት ካሰቧቸው ዘዴዎች አንዱ፣ ጉንፋን የሚያመጣ ቫይረስ ባሕርዩ ተለውጦ በፕሮስቴት ሴል ውስጥ ብቻ እንዲራባና ሴሉን እንዲያፈርስ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ሙከራ 23 ሕሙማን ቫይረሱን በደም ሥር ወስደው፣ በአንዳንዶቹ ደም የሚለካው የበሽታው ምልክት ቢቀንስም በማንም ላይ በግማሽ አልወረደም።

አሜሪካ በ2015 የፈቀደችው የቫይረስ መድኃኒት ለሜላኖማ፣ ማለትም ለቆዳ ካንሰር ነው። ይህም ከዜሮ በታች ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ቅዝቃዜ ስለሚጠበቅ በመደርደሪያ የሚቀመጥ ሸቀጥ አይደለም።

ስለዚህ ከአስመጪው አንሥቶ እስከ የካ አባዶ ባለሱቅ ድረስ፣ «የፕሮስቴት ቫይረስ መድኃኒት» የቀረበለት ነጋዴ አስቀድሞ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን የምዝገባ ማስረጃ መጠየቅ ይገባዋል። ሕመምተኛውም ሐኪሙን ሳያማክር የጀመረውን ሕክምና አያቋርጥ። የከሰረ ገንዘብ በሥራ ይተካል፤ ያለፈ የሕክምና ጊዜ ግን አይመለስም።