የጠፋው መልእክቱ ነው ወይስ ደረሰኙ?

የአንድ ባንክ ሲስተም ለሌላው ባንክ ሲስተም «ለዚህ ሂሳብ 5,000 ብር ገቢ አድርግ» የሚል መልእክት ላከ እንበል። መልስ ሳይመጣ ቀረ። ትእዛዙ ነው መንገድ ላይ የቀረው ወይስ «ደርሶኛል» የሚለው ደረሰኝ? ላኪው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የጠፋው ትእዛዙ ከሆነ ደግሞ መላክ ግድ ነው። የጠፋው ደረሰኙ ከሆነ ግን ደግሞ መላክ ብሩን ሁለት ጊዜ ማስገባት ይሆናል። አስተማማኝ የመልእክት ፕሮቶኮሎች የተሠሩት ለዚህ ጭንቅ ነው።

አሠራራቸው ብዙ አያስቸግርም። ላኪው ለየመልእክቱ ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ቅጂውንም ያስቀምጣል። ተቀባዩ «ከ1 እስከ 4፣ ከዚያም 6 ደርሰውኛል» ሲል፣ 5ኛው ብቻ ይደገማል። አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከመጣ ትርፉ ይጣላል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ ካለበት ደግሞ 6ኛው 5ኛው እስኪመጣ ይቆያል።

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ወገኖች ይህንኑ ሥራ በተለያየ ደንብ ሲሠሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ላይ ፉጂትሱ፣ ሂታቺ፣ ኦራክል፣ ሰን ማይክሮሲስተምስና አጋሮቻቸው «ዌብ ሰርቪስ ሪላያቢሊቲ» የተባለ ደንብ አወጡ። ብዙም ሳይቆይ አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍት፣ ቢኢኤና ቲብኮ «ዌብ ሰርቪስ ሪላያብል ሜሴጂንግ» የሚል የራሳቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ሥራቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ የሌላውን መልእክት አይረዳም ነበር። ኦአሲስ የተባለው የደረጃዎች ድርጅት የመጀመሪያውን በ2004 አጸደቀ፤ ሁለተኛውንም በ2007 አጸደቀው። ገበያው ያደረው ለሁለተኛው ነው። ለእኔ ያ ክፍፍል ከምሕንድስና ይልቅ ፉክክር የወለደው ነበር።

ስም መጋራትም ዋስትና አይሆንም። ዶትኔት የተባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ በ3.0 እትሙ ይናገር የነበረው የዚህን ሁለተኛ ደንብ የ2005 ረቂቅ ነው፤ በ2007 የጸደቀውን 1.1 እትም የደገፈው ዶትኔት 3.5 ነው። በአንዱ የተጻፈን መልእክት ሌላውን ብቻ የሚያውቅ ሰርቨር አይቀበለውም። የጃቫ ዓለም ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ጃቫ ሜሴጅ ሰርቪስ የሚደነግገው ፕሮግራመሩ የሚጽፈውን ኮድ እንጂ በኔትወርኩ የሚያልፉትን ባይቶች አይደለም። ስለዚህ ኮዳቸው ቃል በቃል አንድ የሆነ ሁለት ፕሮግራሞች፣ የሚጠቀሙበት ምርት ከተለያየ መነጋገር ያቅታቸዋል። በጄፒ ሞርጋን ባንክ በ2003 የተጀመረው ኤኤምኪውፒ የተባለ ፕሮቶኮል ባይቶቹን ራሳቸውን ሊደነግግ የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ግን እሱም ቢሆን 0-9-1 እና 1.0 የሚባሉት እትሞቹ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ሻጭ «ኤኤምኪውፒ እንደግፋለን» ሲላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ።

ደንቦቹ ካልተስማሙ መሐል ላይ ድልድይ ይገባል፦ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያስተላልፍ ፕሮግራም። ብዙ ተቋማት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ግራው አስተማማኝ፣ ቀኙም አስተማማኝ ስለሆነ መንገዱ በሙሉ አስተማማኝ ይመስላቸዋል። ድልድዩ ለግራው ደረሰኝ ሰጥቶ ወደ ቀኝ ሳያሻግር መብራት ቢጠፋስ? ቅጂው ዲስክ ላይ ካልተጻፈ መልእክቱ የለም፤ ላኪውም ደረሰኝ ስለያዘ አይደግመውም። አሻግሮ ደረሰኙን ሳይሰጥ ቢወድቅ ደግሞ ያው መልእክት እንደገና ይመጣል፤ አዲስ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት ሊሻገር ስለሚችልም የቀኙ ፕሮቶኮል ድግሙን አይለየውም። ከሁለቱ መድገሙ ይሻላል፤ የተደገመውን ለይቶ መጣል ይቻላል፣ የጠፋውን ግን ማን ይፈልገዋል?

ለይቶ ለመጣል ግን የፕሮቶኮሉ ተራ ቁጥር አይበቃም፤ ድልድዩን አይሻገርምና። የዝውውሩ የራሱ መለያ ቁጥር መልእክቱ ውስጥ መጻፍ አለበት። ተቀባዩም ቁጥሩንና የሂሳብ ለውጡን በአንድ የዳታቤዝ ግብይት ይመዘግባል፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዳቸውም አይጻፉም። ያ ቁጥር ዳግም ሲመጣ ብሩን አያንቀሳቅስም፤ የቀድሞውን መልስ ብቻ ይመልሳል።

እንዲህ ያለ ሲስተም የምትገዙ ከሆነ ሻጩን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁት፦ ደረሰኙን የሚሰጠው መልእክቱ ሚሞሪ ላይ ሲያርፍ ነው፣ ዲስክ ላይ ሲጻፍ ነው ወይስ ሥራው ሲያልቅ? መልሱንም በወረቀት ብቻ አትመኑ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት በሙከራው መሐል ኬብሉን ንቀሉና ሂሳቡን አመሳክሩ።