ነጥቦቹን ሳያዩ ስለ ዝምድና መናገር

ተረት፦ የኮሪሌሽን ቁጥሩ ከተሰላ ግራፉ ጌጥ ነው።

ይህ እምነት በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚሠሩ ተማሪዎች ዘንድ ሥር ሰዷል። ዳታው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ኮሪሌሽኑ ይወጣል፣ ሰንጠረዡ ይለጠፋል፤ አንድም ነጥብ ሳይታይ መደምደሚያው ይጻፋል።

እውነታው፦ የስታቲስቲክስ ምሁሩ ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 እ.ኤ.አ. ለዚህ መልስ የሚሆኑ አራት የዳታ ስብስቦችን አሳተመ። እያንዳንዳቸው 11 ጥንድ ቁጥሮች አሏቸው። በአራቱም የኤክስ አማካይ 9፣ የዋይ አማካይ 7.5፣ ኮሪሌሽኑ 0.82 ገደማ ነው። የሪግሬሽን መስመራቸው እንኳ አንድ ነው፤ ከ3 ይነሳና ኤክስ በ1 በጨመረ ቁጥር በግማሽ ከፍ ይላል። በእነዚህ ማጠቃለያ ቁጥሮች ብቻ ያያቸው ሰው ሊለያቸው አይችልም።

በስካተር ግራፍ፣ ማለትም እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ነጥብ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ነገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ወደ ላይ የሚያዘነብል ተራ የነጥቦች ስብስብ ነው። ሁለተኛው ወጥቶ ወጥቶ ጫፉ ላይ ወደ ታች የሚጎብጥ ጥርት ያለ ቅስት ነው፤ ለእሱ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ስህተት ነው። ሦስተኛው ላይ አሥሩ ነጥቦች አንድ መስመር ላይ ተሰልፈዋል፤ አንዱ ብቻ አፈንግጦ መስመሩን ወደ ራሱ ይስበዋል። አራተኛው ይብሳል፦ አሥሩ ነጥቦች ኤክስ 8 ላይ ተደርድረዋል፣ አንዱ ብቻ 19 ላይ ቆሟል። ያ ነጥብ ቢነሳ ኮሪሌሽኑን ማስላት ራሱ አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱም ተለዋዋጮች በቁጥር የሚለኩ ሲሆኑ ከምንም በፊት ስካተር ግራፍ ይሠራ እላለሁ።

ተረት፦ ኮሪሌሽኑ ዜሮ ከሆነ ግንኙነት የለም።

እውነታው፦ ይህ ቁጥር የሚለካው ቀጥ ባለ መስመር የሚገለጽ ዝምድናን ነው። ከ-3 እስከ 3 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዟቸው፤ የቁጥሮቹና የብዜታቸው ኮሪሌሽን ዜሮ ነው፣ ግንኙነታቸው ግን ፍጹም ነው።

ተረት፦ ችግር ያልታየበት መረጃ ከግራፉ ቢወጣ ምንም አይጎድልም።

እውነታው፦ ይህኛው የሰው ሕይወት አስከፍሏል። በጥር 1986 እ.ኤ.አ. የጠፈር መንኮራኩሯ ቻሌንጀር ከመወንጨፏ በፊት በነበረው ምሽት መሐንዲሶች ብርዱ የሮኬቱን የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶች ይጎዳል ብለው ሠግተው ነበር። ትወንጨፍ ወይስ ትቆይ የሚለው ክርክር ያተኮረው ግን ጉዳት በደረሰባቸው በረራዎች ላይ ብቻ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌላው በ24 ዲግሪ የተደረገ በመሆኑ ሙቀቱ ለውጥ የሚያመጣ አይመስልም ነበር።

አደጋውን የመረመረው ኮሚሽን ጉዳት ያልደረሰባቸውንም በረራዎች ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ግራፍ ላይ ሲያስቀምጥ ምሥጢሩ ወጣ። ከ18 ዲግሪ በታች የተደረጉት 4 በረራዎች በሙሉ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ከዚያ በላይ ሞቃት በሆነ አየር ከተደረጉት 20 ገደማ በረራዎች ጉዳት የታየው በ3ቱ ላይ ብቻ ነው። ቻሌንጀር የተወነጨፈችው በ2 ዲግሪ ገደማ ነበር። ከ73 ሰከንድ በኋላ 7 ተጓዦቿን እንደያዘች ተበታተነች። ያው ዳታ በአንድ ገጽ ላይ በሙሉ ቢቀርብ ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ተረት፦ ነጥቦችን በመስመር ማያያዝ ግራፉን ግልጽ ያደርገዋል።

እውነታው፦ መስመር ከአንዱ ነጥብ ወደ ቀጣዩ ተከታታይነት እንዳለ ይናገራል። ለወርና ለዓመት ይህ ልክ ነው። የ50 ሰዎችን ቁመትና ክብደት በመስመር ማያያዝ ግን አንዱን ሰው ከሌላው ጋር ያለ ምክንያት ማሰር ነው። አንዱ ተለዋዋጭ ምድብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ክልልና የስንዴ ምርት፣ ቦክስ ፕሎት የእያንዳንዱን ምድብ መካከለኛና ስርጭት ጎን ለጎን ያሳያል። ሁለቱም ምድብ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ጾታና የትምህርት ደረጃ፣ በመቶኛ የተሰላ ባር ግራፍ ይሻላል።

ተረት፦ ማንኛውም ግራፍ ከዜሮ መጀመር አለበት።

እውነታው፦ ለባር ግራፍ አዎን፣ ዓይን የሚያነበው የባሩን ርዝመት ነውና። በስካተር ግራፍ የምናነበው የነጥቡን ቦታ ስለሆነ የአዋቂዎችን ቁመት ከ140 ሴንቲሜትር ብንጀምር የተጓደለ ነገር የለም፤ ከዜሮ ብንጀምር ግን ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ይታጨቃሉ።