ለጣርማ በር ሰማይ የትኛው የዓይን ሌንስ?

ለጀማሪ በሚሸጥ ትንሽ ቴሌስኮፕ ካርቶን ላይ በደማቅ ቀለም ጎልቶ ከሚታተሙት ቁጥሮች አንዱ 525 ነው፤ «525 እጥፍ ያጎላል» ለማለት። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ቀላል ነው። የዋናውን ሌንስ የትኩረት ርቀት በዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲያካፍሉት የማጉላቱ መጠን ይገኛል። ዋናው ሌንስ 700 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ 28 እጥፍ፣ በ10 ሚሊ ሜትር 70 እጥፍ፣ በ4 ሚሊ ሜትር ደግሞ 175 እጥፍ ያጎላል። በዚህ ላይ ሦስት እጥፍ የሚያበዛው ባርሎ የተባለ ተጨማሪ ሌንስ ሲሰካ 525 ይሞላል። ስሌቱ ስሕተት የለበትም። አሳሳቹ ነገር ገዢው ይህን ቁጥር የመሣሪያው ጉልበት መለኪያ አድርጎ እንዲወስደው መደረጉ ነው። ጀማሪ፣ በተለይም ከጣርማ በር ቁልቁል እስከ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ድረስ ባለው ጨለማ ሰማይ ሥር የሚኖር ጀማሪ፣ ገንዘቡን ማውጣት ያለበት በትንሹ ለሚያጎላው ሌንስ ነው። ሌንሱ ላይ የተጻፈው ሚሊ ሜትር በተለቀ ቁጥር ማጉላቱ እንደሚያንስ ልብ ይሏል።

ምክንያቱን ለመረዳት የሥራ ክፍፍሉን ማየት ያሻል። ከፊት ያለው ዋና ሌንስ ወይም መስታወት ብርሃን ይሰበስባል፣ ምስሉንም ቱቦው ውስጥ ይሠራል። የዓይን ሌንሱ ያንን የተሠራ ምስል ቀርበን የምናይበት አጉሊ መነጽር ብቻ ነው፤ ያልተሰበሰበ ብርሃን አይጨምርም፣ ዋናው ሌንስ ያልለየውንም ዝርዝር አይፈጥርም። እናም ምስሉ በተለቀ ቁጥር ያው ብርሃን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይሳሳል። በ28 እጥፍ የታየ ጭጋግ መሰል የሰማይ አካል በ140 እጥፍ ሲታይ ገጹ 25 ጊዜ ይደበዝዛል፤ በ525 እጥፍ ከሆነ ከ350 ጊዜ በላይ። ነገሩ በረካ ነው፤ ሲኒው ይሞላል፣ ቡናው ግን ያው አቦል ላይ የነበረው ነው። ሌላው መለኪያ ከዓይን ሌንሱ ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባው የብርሃን ዘንግ ውፍረት ነው፤ እሱም የዋናው ሌንስ ስፋት ለማጉላቱ ሲካፈል ይገኛል። ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ በ28 እጥፍ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ በ140 እጥፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ሲቀጥን ተመልካቹ ከሰማዩ ይልቅ በገዛ ዓይኑ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥላዎች ማየት ይጀምራል። የቴሌስኮፕ ሰዎች «ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ስፋት ቢበዛ ሁለት እጥፍ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። የ70 ሚሊ ሜትሩ ጣሪያ 140 ነው ማለት ነው፤ እሱም አየሩ ሲረጋ ብቻ።

አሁን ወደ ቦታው እንመለስ። የዚህ አካባቢ ትልቁ ሀብት ጨለማው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚያልፉት የጭነት መኪኖች መብራት ፈቀቅ ካሉ፣ ከከተሞቹ መለስ ያለ ገጠር ሁሉ ፍኖተ ሐሊብን በባዶ ዓይን ያሳያል። ከትልቅ ከተማ ሆኖ ቴሌስኮፕ የሚያነጣጥር ሰው ሰማዩ በመብራት ስለነጣበት ከጨረቃና ከፕላኔቶች ውጭ ብዙ ምርጫ የለውም። የይፋት ሰው ግን አለው። በ28 እጥፍ፣ 50 ዲግሪ በሚያሳይ ተራ ሌንስ፣ ሦስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን የሚይዝ የሰማይ ስፋት ይታያል። ሰባቱ ከዋክብት ሳይቆራረጡ የሚገቡት፣ የኦሪዮን ኔቡላ ከነአጃቢዎቹ የሚታየው በዚህ ነው። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ደቡቡም ክፍት ነው። ከለንደን ፈጽሞ የማይታየው ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የከዋክብት ክምችት እዚህ በግንቦት ምሽቶች ከአድማስ 32 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በሰማይ ላይ የሙሉ ጨረቃን ያህል የሚሰፋ ነገር ነውና ለማየት ብዙ ማጉላት አይፈልግም። ከፍተኛ ማጉላት ይህን ሁሉ ያደበዝዘዋል፤ ጨለማውንም ጥቅም አልባ ያደርገዋል።

«ፕላኔቶችስ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ያገኘው 20 እጥፍ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ሲሆን፣ ሁይገንስ በ1655 የሳተርንን ጨረቃ ታይታንን ያየው በ50 እጥፍ አካባቢ ነው። ዛሬ ከቴሌስኮፑ ጋር የሚመጣው የ10 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሁለቱም ይበልጣል፤ የሳተርንን ቀለበት በግልጽ ለማሳየትም ይበቃል። ይሁንና ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ያውም ለዚህ አካባቢ የሚያደላ እውነት። ፕላኔቶች የሚጓዙበት መስመር እዚህ ወደ አናት የቀረበ ነው፤ ከፍታቸው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከአድማስ ከ50 ዲግሪ በታች አይሆኑም። በሰሜን አውሮፓ ግን አንዳንድ ዓመት ከአድማስ ብዙም ሳይርቁ፣ በወፍራም አየር ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ያልፋሉ። ስለዚህ ለአውሮፓ ሰማይ የተጻፈው የጥንቃቄ ምክር እዚህ ትንሽ ሊላላ ይችላል። ሁለተኛ ሌንስ የሚገዛ ሰው 6 ሚሊ ሜትር ቢመርጥ 117 እጥፍ ያገኛል፤ አልፎ አልፎም ይጠቀምበታል። ሁለተኛ ያልኩት ግን ሆን ብዬ ነው።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ የከፍታው ነው። ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የእንጦጦ ቴሌስኮፖችስ ተራራ ላይ የተተከሉት ለዚሁ አይደለም? በእርግጥ ከፍታ አየሩን ያሳሳል፣ ብርሃኑም ብዙ ሳይጠፋ ይደርሳል። ነገር ግን የጠራ አየርና የረጋ አየር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማጉላት የሚፈልገው የረጋውን ነው። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ነፋሱ ከገደሉ አፋፍ ጋር እየተላተመ ይታወካል፤ ከቆላው የሚወጣው እርጥበትም ጭጋግ ሆኖ መንገዱን ሲሸፍን ሹፌሮች ያውቁታል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት እንኳ ጁፒተር በሌንሱ ውስጥ እንደ ፈላ ነገር ሊናጥ ይችላል፤ ደብዛዛ ክምችቶችን በትንሽ ማጉላት ለማየት ግን ያው ሌሊት ግሩም ነው። የእንጦጦዎቹም መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት አለው፣ በዓይን ሌንሱ ቦታም ካሜራ ይሰካል። ከፍታ 70 ሚሊ ሜትርን ወደዚያ አይለውጥም። በ525 እጥፍ የሚታየው የሰማይ ቁራጭ እጅግ ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ምድር ስትዞር ኮከቡ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከእይታ ይወጣል፤ ያንን በቀጭን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ በጣርማ በር ነፋስ መከተል ቅጣት ነው።

የመጨረሻው ክርክር የገንዘብ ነው፦ ከካርቶኑ ጋር ሌንሶች እያሉ ሌላ ለምን ይገዛል? 25 ሚሊ ሜትሩ ደህና ከሆነ አይገዛም። ብዙ ጊዜ ርካሽ ሆኖ የሚገኘው ኤስ አር የሚል ጽሑፍ ያለበት 4 ሚሊ ሜትር ሌንስና ሦስት እጥፍ የሚያበዛው ባርሎ ነው፤ እነዚህ ካርቶኑ ውስጥ ቢቀሩ ጉዳት የለውም። ገንዘብ ከተገኘ እ.ኤ.አ. በ1860 በቪየናው ፕሎስል ተነድፎ እስከ ዛሬ የሚሠራው ዓይነት ሌንስ፣ 25 ወይም 32 ሚሊ ሜትር፣ ያዋጣል። ትርፍ ካለ ሁለት እጥፍ የሚያበዛ ጥሩ ባርሎ ይጨመርበታል። አጭር ሌንስ ዓይንን በጣም አስጠግቶ ስለሚያሳይ ሽፋሽፍት መስታወቱን ይነካል፣ በደጋው ብርድም ትንፋሽ ያጨልመዋል፤ ባርሎ ይህን ችግር ያስቀራል። የቅርብ ወይም የሩቅ እይታ ችግር ብቻ ያለበት ሰው መነጽሩን አውልቆ ትኩረቱን ቢያስተካክል ይበቃዋል፤ አስቲግማቲዝም ያለበት ግን መነጽሩን እንዳደረገ የሚያይበት፣ ዓይን ራቅ ብሎ የሚቀመጥበት ረጅም ሌንስ ያስፈልገዋል። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ከመላኩ በፊት የሌንስ መሰኪያው ቀዳዳ ይለካ፤ 31.7 ሚሊ ሜትር የተለመደው ነው፣ በአሮጌና በርካሽ መሣሪያዎች ግን 24.5 ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አይገጥሙም። ፕላኔቶቹ ወደ አናት የሚወጡበት አገር ስለሆነም ብርሃኑን በ45 ዲግሪ የሚያዞረው መስታወት አንገት ይሰብራል፤ 90 ዲግሪ የሚያዞረው ይፈለግ። ከዓይን ሌንሱ ጋር የሚጠመድ «የፀሐይ ማጣሪያ» የተባለ ጥቁር መስታወት ካርቶኑ ውስጥ ከተገኘ ተሰብሮ ይጣል። የተሰበሰበው የፀሐይ ሙቀት ዓይን ሌንሱ ላይ ባለበት ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ያኔ ዓይን ይጠፋል። ለፀሐይ የሚሆነው ማጣሪያ የቴሌስኮፑን ፊት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ብቻ ነው።